ፖርቱን የያዘው ማን ነው?

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነርሶቹ «ኔትወርክ» ይሏታል። ጠዋት ጠዋት «ኔትወርክ ገብታለች?» ይባባላሉ፤ ያረፈደች እንደሆነ ደግሞ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ብለው ይሳሳቃሉ። ቀልዱ ከመክረሙ የተነሳ እሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ኔትወርክ ነኝ» ማለት ለምዳለች። የኩላሊት እጥበት ክፍሉን ኮምፒውተሮች፣ ገመዶቹንና ምድር ቤት የተቀመጠውን አንድ ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ናት። ድሮ ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ባልደረባዋ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ምትክ ይቀጠራል ተባለ፤ እንደተባለ ቀረ።

ያን ዕለት ጠዋት እግሯን እየጎተተች ነው የገባችው። አባቷ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ትዝታው ቀስ በቀስ ከዳው፤ አሁን አንድ ቀን ልጁን ያውቃታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣች ይጠይቃታል። ሌሊት እየተነሳ መብራት ያበራል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ጎማው ተነፍቶ እንደሆነ ያጣራል። እሷም አብራው ትነሳለች። ከእንቅልፍ ጋር ከተሰነባበቱ ሰንብተዋል።

ታናሽ ወንድም አላት። መኪና ቀቢ ነው፤ የሚሠራበት ጋራዥ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። አባታቸው መርሳት የጀመረ ሰሞን ወንድሟ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እናስገባው የሚል ሐሳብ አመጣ። እሷ በቁሜ አይሆንም አለች። ክፉ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ እሱ አልፎ አልፎ ይደውላል፣ እሷ «ደህና ነን» ትለዋለች፣ ይዘጋሉ። እርዳኝ ብላው አታውቅም፤ እሱም ልርዳሽ ለማለት ደፍሮ አያውቅም። እሷ ሥራ ስትውል አባቷን የሚያዩላት ጎረቤቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸው ግን ደህና የሆነ።

ዋና ነርሷ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ፊቷን ስታይ ነገሩ ገባት።

ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ሰርቨሩን ይዞ ማቆየት የነበረበት ባትሪ አርጅቶ ኖሮ አልያዘም። ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋና ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አዲስ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ የእጥበት ክፍሉ ገጽ አይከፈትም። በዚያ ገጽ ላይ ነው የማን ተራ እንደሆነ፣ የትኛው ማሽን እንደተያዘለት፣ ሐኪሙ ከሰውነቱ ስንት ፈሳሽ እንዲወጣለት እንዳዘዘ የሚታየው።

«ተራውን እንደምንም እናስተናግደዋለን» አለች ዋና ነርሷ። «ከእያንዳንዱ ሰው ስንት እንደሚወጣ ግን በግምት አልሠራም። በግምት ሰው ይሞታል።»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ያጣጠፉ፣ ክንዳቸው ከመርፌ ብዛት ያበጠ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ራሱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጥሏል። ማንም አያጉረመርምም። እንዲያውም ዝምታቸው ነው ያስጨነቃት፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። አንገቷን ደፍታ አለፈቻቸው።

የሰርቨሩ ክፍል ቀድሞ የአንሶላ መጋዘን ነበር። ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከማሽኑ ማራገቢያ ድምፅ ሌላ ምንም የለም። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ካርቶን አጥፈው ደግፈውታል። ተቀምጣ ስክሪኑን አበራች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ ሊኑክሱ፣ ያለችግር ተነስቷል፤ ያልተነሳው ገጾቹን ለነርሶቹ ኮምፒውተሮች የሚያድለው ፕሮግራም፣ የድረ ገጽ ሰርቨሩ ነው። እንዲነሳ አዘዘችው። ትንሽ አሰበና ማስነሳት አልተቻለም አለ። ከሥሩ ደግሞ ምክንያቱን ለማወቅ የት የት ማየት እንዳለባት የሚጠቁም ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ።

ደህና እንቅልፍ የተኛ ሰው ጽሑፉን ያነበዋል። እሷ ያንኑ ትእዛዝ ደግማ ጻፈች። ያንኑ መለሰላት። ሦስተኛም ሞከረች። ከዚያ ማሽኑን በሙሉ አጥፍታ አስነሳችው። ማራገቢያው አጓርቶ እስኪረጋጋ፣ ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ወርደው እስኪያልቁ ድረስ አገጯን በመዳፏ ይዛ ጠበቀች። ለውጥ የለም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ።

አንድ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ እንዲህ አድርጓት ስለነበር ዲስኩን አየች። ሰፊ ቦታ አለው። ቀጥላ ፕሮግራሙ የቅንብር ፋይሎቹን እንዲፈትሽ አዘዘችው፤ እያነበበ ሄዶ ያልገባው መስመር ላይ ሲደርስ ይናገራል። ተናገረም። አንድ መስመር መጨረሻ ላይ መዝጊያ ምልክቱ ተረስቷል። መስመሩን አወቀችው። አዲሱ የእጥበት ክፍል ሲከፈት ራሷ የጨመረችው ነው፤ አባቷ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ሳምንት። የሚሠራ ፕሮግራም አሮጌውን ቅንብር በልቡ ይዞ ስለሚቀጥል ስህተቱ እስከ ዛሬ ድረስ ማንንም ሳያስቸግር ተኝቶ ቆየ።

ምልክቷን አስገባች። ፈተሻው አለፈ። በረጅሙ ተነፈሰችና እንዲነሳ አዘዘችው።

አልተነሳም።

ይህን ጊዜ ነው ሥራ አስኪያጁ የገባው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ብቻ አንድ ነገር ሲበላሽ ቶሎ አዲስ እንዲመጣ የሚፈልግ ዓይነት ነው። ከአንድ ድርጅት ባለሙያ ጋር በስልክ እንደተነጋገረ፣ ባለሙያውም ሁሉንም ጠራርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው መፍትሔው እንዳለው፣ አሁኑኑ ሊመጣ ዝግጁ እንደሆነ ነገራት። እሷም እንደ ወጉ አስረዳችው፤ ተጠርጎ እንደ አዲስ ከተጫነ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ያስተካከለችው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል፣ ገጹም ዛሬ መከፈቱ ያጠራጥራል።

«ታዲያ አንቺ ያለሽው መፍትሔ ምንድን ነው?»

አልነበራትም። ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች። ባለሙያው ይምጣ ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ታሰባት። ሸክሙን ሌላ ሰው ተቀብሎ፣ የተበላሸውም የተስተካከለውም የሌላ ሰው ሆኖ፣ እሷ ቤቷ ሄዳ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች። ሐሳቡ ከመጣፈጡ የተነሳ ዓይኗ ሊከደን ቃጣው። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ጎረቤቷ ናቸው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቆሻሻ ሊጥሉ ለአፍታ ወጥተው ሲመለሱ አባቷ በሩን ከውስጥ ቆልፎት አገኙ። ያንኳኳሉ፣ ይጣራሉ፤ እሱ እየሰማ አይከፍትም። ምድጃው ላይ ደግሞ ድስት ጥደው ነበር የወጡት።

ብድግ አለች። ወንበሩ ከካርቶኑ ላይ ተንሸራቶ ተንጋደደ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከእሱ ኋላ ዋና ነርሷ መጥታ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ከዋና ነርሷ ኋላ ደግሞ፣ እዚህ ባይታዩም፣ ብርድ ልብስ የያዙት ሰዎች አሉ። ከዚህ እቤቷ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር ያስፈልጋል። ቆማ ቀረች። ከዚያ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ቶሎ አነሳው። ከኋላው የቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ያጓራል።

«እታለም? ምን ሆነሽ ነው?» እሷ ደውላለት ስለማታውቅ ድምፁ ቀድሞ ደንግጧል።

«አባዬ ከውስጥ ቆልፏል። ምድጃው እንደበራ ነው። እኔ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አልችልም።»

የት እንዳለች፣ ማን እቤት እንዳለ ጠየቃት። መለሰችለት። ከዚያ ልትዘጋ ስትል፣ ሳታስበው፣ ሥራ አስኪያጁና ዋና ነርሷ እየሰሟት፣ ለዓመታት ውጣ ብላው የማታውቀው ቃል ወጣ።

«ደክሞኛል» አለችው። «በጣም ደክሞኛል፣ ወንድሜ።»

ወዲያ ማዶ ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ።

«እየሄድኩ ነው» አላት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ለሥራ አስኪያጁ ባለሙያው አሁን አያስፈልግም፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ አለችው። ምን አስቦ እንደሆነ አይታወቅም፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሷ ደግሞ አዲስ የሚቀጠሩ ሁሉ ቢያደርጉት የምትመክረውን፣ ራሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያላደረገችውን አደረገች። ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል ከፈተችና ከላይ ጀምራ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያሄደች፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ቃል በቃል አነበበች። ማንበብ ከጀመረች ብዙም ሳትሄድ አገኘችው፤ የተረሳችውን ምልክት ካስገባች በኋላ የተጻፈ አዲስ መስመር ነው። አድራሻው ተይዟል ይላል።

የድረ ገጽ ሰርቨር ጥያቄ የሚቀበልበት አንድ በር አለው፤ ባለሙያዎቹ ፖርት ይሉታል፣ ቁጥሩም ሰማንያ ነው። በአንድ ፖርት ላይ ሁለት ፕሮግራም አይቆምም። ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፤ የዘገየው ተይዟል ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ሰርቨሬ ለምን አይነሳም ሳይሆን ፖርቱን የያዘው ማን ነው ሆነ። ማሽኑን ጠየቀችው። ስም አወጣላት፤ እሷ ፈጽሞ ጭናው የማታውቀው ሌላ የድረ ገጽ ሰርቨር።

መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ሌባ ገብቷል የሚል ነበር። መቼ እንደተጫነ አየች። አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ እሷ ፈቃድ በወጣችበት ሳምንት ነው።

ከኋላዋ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

«የሠራተኛ መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ላሳያችሁ ያለ አንድ ልጅ ነበር» አለ። «ለሙከራ ነው አለኝ። ሞከረ፣ ሞከረ፣ አልነሳ አለው። ሰርቨራችሁ አይመችም ብሎ ሄደ።»

ነገሩ ሁሉ አሁን ቁልጭ ብሎ ታያት። የልጁ ፕሮግራም ያን ጊዜ ያልተነሳው ፖርቱን የእሷ ስለያዘው ነው። ልጁም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ እንዳዘዘው ትቶት ሄደ። ዛሬ ሌሊት የእሷ በአንዲት ምልክት ምክንያት ሲደናቀፍ ያኛው ቦታውን ክፍት አገኘ።

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠው?»

«እኔ» አለ። «ልነግርሽ ነበር። አባትሽ ታመው ነበርና በዚያ ላይ እኔ ደግሞ ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።»

ሌላ ቀን ቢሆን የምትለው አታጣም ነበር። ዋና ነርሷ በሩ ላይ ቆማ እየሰማች ነው፤ ሁለቱንም አፈራርቃ ታያቸዋለች። ኔትወርክ ግን አመነችው፤ ከምንም በላይ ያደከማትም ይኸው ነው። ሰውየው እውነቱን ነው። ሊያዝንላት ብሎ ነው ያጠፋው። በዚህ ላይ ምን ዓይነት ቁጣ ይቆጣሉ? «ለሌላ ጊዜ ያስቸግሩኝ» ብላው ወደ ስክሪኑ ዞረች።

እንግዳውን ፕሮግራም አቆመችው። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳም ከለከለችው። ከዚያ የራሷን አዘዘች። ስክሪኑ ምንም አላለም፤ ጠቋሚው ብቻ ባዶ መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሊኑክስ ነገር ሲሳካለት ዝም ማለት ይወዳል። ያም ሆኖ አላመነችም፤ ሁኔታውን ጠየቀችው፤ እየሠራ ነው። ገጹን ከፈተች። ተከፈተ፣ ግን ባዶውን ነው፤ የታካሚዎቹን መረጃ የሚይዘው ዳታቤዝም ለካ ሳይነሳ ውሏል። እሱ ግን ደግ ነው፣ አንዴ ሲጠሩት አቤት አለ። ገጹ ተሞላ። ዋና ነርሷ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጠች፤ ከአፍታ በኋላ የማሽኖቹ ጢጥታ ከላይ መሰማት ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ ምናምን የሚል ነገር አለ። አልሰማችውም። ስልኳን እያየች ነው። ወንድሟ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ጎረቤቷ ጋ ደወለች፤ እሳቸውም አያነሱም። ከወንበሩ ተነሳች፤ ሁለቱም ጋ ደግማ ሞከረች።

«ሂጂ» አላት ሥራ አስኪያጁ። «አንድ ነገር ቢፈጠር እደውላለሁ። እዚሁ እቀመጣለሁ።» እሷም ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው ለማለት ትንፋሽ አልነበራትም። ስትወጣ ሲንጋደድ ሰማችው።

የቤታቸው ደረጃ ላይ ስትደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ጎረቤቷ የመጨረሻው መወጣጫ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

«ምንም አልሆነም ልጄ፣ ምንም» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «ድስቷ ናት የሄደችው። የእኔው ድስት ናት፣ አታልቅሺላት።»

የሆነውን ነገሯት። ወንድሟ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ፣ ጮኸ፣ እሰብረዋለሁ ብሎ ዛተ። አባቷ ከውስጥ ሆኖ መነሻ ሰዓት አልደረሰም፣ ተሳፋሪ ይታገሥ ብሎ መለሰ። ጭሱ በበሩ ሥር መውጣት ጀመረ። ወንድሟ በትከሻው ሁለት ጊዜ ገፋው፤ በሩ ጠንካራ ነው፣ አልበገር አለ። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሳቸው የእሳት አደጋ ሊጠሩ ስልክ ሲያነሱ እሱ ድንገት ተነስቶ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ በሩን በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

«ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ጌታው፣ ረዳቱ ነኝ፣ ሰው ሞልቷል፣ ሒሳብም ሰብስቤያለሁ፣ ይክፈቱልኝና እንሂድ አለው። አባትሽ ከፈተ። ከፍቶም ምን ቢለው ጥሩ ነው? አንተ ሁልጊዜ ነው የምታረፍደው ብሎ ተቆጣው።»

ሳቅ ጀምሯት መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነባት። ጎረቤቷ ክንዷን ጨበጡ።

ውስጥ ሁሉም መስኮት ተከፍቷል። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ መንገድ መንገዱን ያያል። ወንድሟ፣ የሥራ ልብሱ ሰማያዊ ቀለም እንደነካካው፣ ከአባቱ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጧል፤ ቦታውን ጥሎ እንዳይነሳ የታዘዘ ይመስላል። ስታየው ገና በልጅነቱ እንደሚያደርገው ከንፈሩን ነከሰ።

«ለምን አልጠራሽኝም እስከ ዛሬ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተስ ለምን አልመጣህም?»

አባታቸው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያቸውና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ወንድሟ ቀጥሎ የሚናገረውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሮ ተወው። በመጨረሻ፣ ያን የአረጋውያን ቤት ዳግመኛ ላነሳብሽ አይደለም፣ ግን እዚያ ቀን ቀን ብቻ ማዋልም ይቻላል ይላሉ አላት። ድሮ ይህን ሲላት በር ዘግታበት ነበር የምትሄደው። አሁን ጫማዋን አወለቀችና ወለሉ ላይ፣ ከሁለቱ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አብረን ሄደን እናየዋለን» አለች። «ማየት ነው ያልኩት።»

«ማየት ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከነሥራ ልብሷ፣ አባቷ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንድሟ ብርድ ልብስ ደርቦላት፣ ስልኳን ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ፣ ከሆስፒታል ቢደወል ኔትወርክ የለም ብዬ እመልሳለሁ ብሎ ለጎረቤቷ እንደነገራቸው ኋላ ነው የሰማችው። አልተደወለም።

ቤቱን ሄደው አዩት። ንጹሕ ነው፣ ግቢው ዛፍ አለው፤ እሷ ግን ይዋል አይዋል ሳትወስን ተመለሰች። ወንድሟ ከሳምንቱ ግማሹን ሌሊት እየመጣ ያድራል፤ ባረፈደ ቁጥር አባቱ ይቆጣዋል፣ ሲያሻውም ልጄ ይለዋል። ሆስፒታሉ አዲስ ባትሪ ገዛ። ምትክ ሠራተኛ ግን እስካሁን አልቀጠረም። ድካሙ አለ፣ የትም አልሄደም፤ ብቻ አንዳንድ ጠዋት ደረጃውን ስትወርድ፣ ትናንት ሌሊት ማንም ሳይቀሰቅሳት ማደሯ ትዝ ይላትና እርምጃዋ ትንሽ ፈጠን ይላል።